የአጃቢው ዓይን፤ «ዓይንህ የሚያርፍበት» ዳግም ሲታይ

አንድን የጥበብ ሥራ ደግሞ ማየት ለሒስ ይመቻል። በመጀመሪያው ዕይታ ተመልካቹን የሚነዳው «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» የሚለው ጉጉት ነው። በሁለተኛው ግን ፍጻሜው ስለሚታወቅ ትኩረቱ ከድርጊቱ ወደ አደራረጉ ይሻገራል። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ባለ ዳግም ዕይታ የሚቃኘው እ.ኤ.አ. በ2020 በደቡብ ኮሪያ የቀረበው «ዓይንህ የሚያርፍበት» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ነው።

ድራማው «የወንዶች ፍቅር» ከሚባለው ዘውግ ይመደባል። ዘውጉ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጃፓን፣ እንደ ሞቶ ሀጊዮና ኬይኮ ታኬሚያ ባሉ ሴት የሥዕላዊ ልቦለድ ደራስያን እጅ የዳበረ ነው። በኮሪያ የዘውጉ ፋና ወጊ ተደርጎ የሚቆጠረው ይህ ድራማ በአዘጋጇ በህዋንግ ዳሰል የተሠራ ሲሆን ስምንት አጫጭር ክፍሎች አሉት።

የታሪኩ ትልም ቀላል ነው። ሀን ቴጁ የአንድ ታላቅ ኩባንያ ባለቤት ልጅና ወራሽ ነው። ካንግ ጉክ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ከጎኑ ያልተለየ ጓደኛውና አጃቢው ነው። ሁለቱም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ሄሚ የምትባል ልጃገረድ ለጉክ ፍላጎት ስታሳይ ቴጁን ቅናት ይይዘዋል፤ ቅናቱም እስከዚያ ድረስ ስም ያልነበረውን ስሜት ይገልጥበታል።

የድራማው ዋና ብልሃት በርዕሱ ላይ ይታያል። የአጃቢ ሥራው ማየት ነው። ጉክ ቴጁን ቀኑን ሙሉ ቢመለከተው «ለምን ታየዋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ግዴታው ለፍቅሩ መሸሸጊያ ሆኖታል። የጥበቃውን ዕይታ ከፍቅሩ ዕይታ የመለየቱ ሥራ ለተመልካቹ ተትቷል። ጉክን ሆኖ የሚጫወተው ጃንግ ኡይሱ በቃል ሊናገረው የማይችለውን በዝምታው ያስተላልፋል። ቴጁን የሚጫወተው ሀን ጊቻን በአንጻሩ ተጫዋችና ቅብጥብጥ ገፀ ባሕርይ ይዞ ስለሚቀርብ የጉክ ዝምታ ይበልጥ ይጎላል። ድራማው የተወደደው በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ይመስላል።

ይሁን እንጂ የድካሙም ምንጭ ይኸው ብልሃት ነው። አጃቢ ቢወድም ባይወድም ማየት አለበት። ታዲያ ጉክ ለቴጁ «እሺ» ሲል ቃሉ የአፍቃሪ ነው ወይስ የታዛዥ? «እምቢ» ቢልስ ምን ያጣል? ቴጁ ሲቀናስ የሚቀናው ልቡ የተነካ ሰው ሆኖ ነው ወይስ ንብረቱ የተነካበት ጌታ? ድራማው እነዚህን ጥያቄዎች ቀስቅሶ ይተዋቸዋል። በኋላ የአባትየው ሥልጣን እንቅፋት ሆኖ ሲመጣ ግጭቱ ከሁለቱ ወጣቶች መካከል ወጥቶ ወደ ውጭ ይዛወራል። በወራሹና በአጃቢው መካከል የነበረው የሥልጣን ልዩነት በአባትየው ላይ ይላከክና ቴጁ ከደሙ ንጹሕ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፍጻሜ የተጣደፈ መስሎ የሚታየን ቋጠሮው ሳይፈታ ስለታለፈ ነው።

ለዚህ ድካም ሁለት ማስተባበያዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው የጊዜ ማጠር ነው። ነገር ግን አሥር ደቂቃ ገደማ በሚወስድ ክፍል ዝምታን ያህል ከባድ ነገር ማናገር የቻለ ሥራ አንዲት ጥያቄ ለማንሣት ጊዜ አጣ ማለት ያስቸግራል። ሁለተኛው ፈር ቀዳጅነቱ ነው፤ ይህኛው ክብደት አለው። የኮሪያ ሕግ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን አያውቅም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው የትዳር አጋሮች በጤና መድን ተጠቃሚ እንዲሆኑ የወሰነውም እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። በዚህ ሁኔታ ለሁለት ወጣቶች መልካም ፍጻሜ መስጠት ራሱን የቻለ ድፍረት ነው። ሆኖም ፈር ቀዳጅነት ጥያቄው ለምን እንደ ታለፈ ያስረዳ እንደ ሆነ እንጂ የታለፈውን ጥያቄ አይመልስም።

ከዚህ ላይ የሒስ ተማሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ጠንካራ ጎንን በአንድ ረድፍ፣ ደካማ ጎንን በሌላ ረድፍ መደርደር የተለመደ አካሄድ ነው። ይህ አካሄድ እዚህ አይሠራም፤ ውበቱና ጉድለቱ ከአንድ ምንጭ የፈለቁ ናቸውና። የአጃቢነቱን ሁኔታ ብናነሣለት ጉድለቱ ይጠፋል፤ የጉክ ዓይንም አብሮ ይጠፋል። አዘጋጇ እ.ኤ.አ. በ2021 «ለኮከቤ» በተሰኘው ሥራዋ ተዋናይና ምግብ አብሳይ የሆኑ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሙያ ያላቸውን ሁለት ጎልማሶች ስታገናኝ ጌታና አጃቢ የሚባል ነገር የለም። ጥያቄውም በዚያ አልተነሣም። ጉክ «እምቢ» ማለት ይችል እንደ ነበረ አሁንም መልስ አላገኘም።