«መግለጫ»፣ «ሲደመር» እና «አኃዝ»፤ በስሌት ጽሑፍ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በጽሑፍ የተሰጠን ስሌት አንብቦ ውጤቱን የሚያወጣ ፕሮግራም መጻፍ ለኮምፒዩተር ተማሪ የተለመደ መልመጃ ነው። ለስያሜ ባለሙያ ግን ከመልመጃ ያለፈ ነው፤ ሥራው በመሠረቱ የሰዋስው ሥራ ነውና። ፕሮግራሙ ጽሑፉን ይቈራርጣል፤ የእያንዳንዱን ቍራጭ ሙያ ይለያል፤ ከዚያም ያሰላል።

ስሌቱን «መግለጫ» ማለት ተለምዷል። ጋዜጠኞች ከቃሉ ጋር የያዙት ጉዳይ እንዳለ ሆኖ፣ ስያሜውን መተው አያስፈልግም። የከፋው «የስሌት ቅደም ተከተል» የሚለው ነው። አንባቢ ከግራ ወደ ቀኝ በተራ መሥራት ይመስለዋል፤ ደንቡ ግን ማባዛት ከመደመር ይቀድማል ማለቱ ነው። «ቅድሚያ» ይበቃል። ምልክቱን «አስሊ»፣ ቍጥሩንም «ተሰሊ» ብንል አማርኛው ራሱ ጥንዱን ይሰጠናል።

ዋናው ነገር «ሲደመር» ነው። በዝቋላ ገበያ ሦስት ኪሎ ማር ኪሎው በአራት መቶ ብር ተሸጠ፣ ለዕቃውም ሁለት መቶ ብር ታሰበ እንበል። ትምህርት ቤት «ሁለት መቶ ሲደመር ሦስት ሲባዛ በአራት መቶ» ያሰኛል፤ ይህን በተራ የሠራ ሰው 81,200 ብር ይጠይቃል። ገበያተኛው ግን «ሦስቱን በአራት መቶ አባዝተህ ሁለት መቶ ጨምርበት» ይላል፤ 1,400 ብር ነው። ቅንፍም የቅድሚያ ደንብም አላስፈለገውም፤ ግሡ ከተሰሊዎቹ በኋላ መጥቷልና። ፖላንዳዊው ሎጂከኛ ያን ዉካሼቪች በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አስሊውን አስቀድሞ በመጻፍ ቅንፍን አስቀረ። የዚሁ ግልባጭ፣ አስሊውን ከተሰሊዎቹ በኋላ የሚያውለው አጻጻፍ፣ በ1972 እ.ኤ.አ. በወጣው ኤችፒ-35 የኪስ ማስሊያ ላይ ዋለ። ኤድስገር ዳይክስትራ በ1961 እ.ኤ.አ. የገለጸው ዘዴም የተለመደውን አጻጻፍ ወደዚሁ ሥርዓት ይመልሳል። እንግዲህ «ሲደመር» የባዕድ ተርታ በአማርኛ ቃል ሲነበብ ነው፤ ምልክቱን ለማንበብ ይጠቅማል፣ ስሌትን ለማስረዳት ግን አይበቃም።

«አኃዝ» ሌላ ጣጣ አለው። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ዋጋውም በቦታ አይወሰንም። ፬፻ አራት ጊዜ መቶ ነው፤ ፪፻፲፬ ደግሞ ያልተጻፈ ማባዛትና መደመር በውስጡ ይዟል። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ቢገኙም ከአስርዮሽ አኃዞች ተራ አልተመደቡም፤ ስለዚህ ብዙ ፕሮግራሞች «፬፻»ን እንደ ቍጥር አይቀበሉም። እዚህ ላይ ቈራጩ ራሱ አስሊ መሆን አለበት። «አኃዝ»ን ያለ ቅጽል ለአስርዮሹ ብቻ የሚሰጥ መዝገበ ቃላት ፲ንና ፻ን ስም ያሳጣቸዋል፤ «አስርዮሽ አኃዝ» ቢባል ይሻላል።

ነገሩ ለዋግ ኽምራ ተርጓሚዎች ይበልጥ ይከብዳል። ኽምጣንኛም እንደ አማርኛ ግሡን በመጨረሻ የሚያውል የአገው ቋንቋ ነው። የሰቆጣ ተርጓሚ የአማርኛውን «ሲደመር» ቃል በቃል ቢገለብጥ፣ ለቋንቋው የማይስማማውን ተርታ ከአማርኛ ተውሶ ያስገባል፤ አማርኛም ራሱ የተዋሰው ነው። ከገበያተኛው አነጋገር ቢነሣ ግን የሚገለብጠው ነገር አይኖርም።