ስካነሩ ይቆይ

የዌብ ደህንነት ፍተሻ ለመማር እኔ ጋ የሚመጡ የአምባ ጊዮርጊስ ልጆች ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ የትኛው ስካነር ይሻላል?» መልሴም አይለወጥም። ቀዳዳ በራሱ የሚፈልገው ስካነር ይቆይ። በብሮውዘሩና በሰርቨሩ መሃል የሚቆመውን የበርፕ ስዊት ፕሮግራም ነጻ እትም ከፍታችሁ ብሮውዘሩ ለሰርቨሩ የሚልከውን ጥያቄ፣ ሪኩዌስቱን፣ መስመር በመስመር አንብቡ።

ግትር ነህ ይሉኛል፤ ነኝ። ጁስ ሾፕን እንይ፦ ኦዋስፕ የተባለው የሶፍትዌር ደህንነት ድርጅት ሆን ብሎ ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጎ በነጻ ያቀረበው መለማመጃ የጭማቂ ሱቅ ነው። ዘንቢላችሁን ስትከፍቱ ብሮውዘሩ የዘንቢሉን ቁጥር ይልካል። ቁጥሩን በአንድ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ ስትልኩት የሌላ ሰው ዘንቢል ከነዕቃው ከች ይላል። የሰርቨሩ መልስ 200 («ተሳክቷል») ነው፤ ለስካነሩ ጤነኛ ገጽ። ዘንቢሉ የማን እንደሆነ በምን ያውቃል? ወፍጮ ቤት እንኳ ጆንያ ሲነሳ «የማን ነው?» ይባላል። ኦዋስፕ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የአደጋዎች ዝርዝር ማን ምን ማየት እንደሚችል የሚወስነውን ቁጥጥር መላላት አንደኛ ያደረገው ያለ ነገር አይደለም።

ቀዳዳ ከመለማመጃ ሱቅ ውጭም አለ። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሂሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያዘዋውሩ አደሩ። 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ወጣ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። እኔን ያስደነገጠኝም ይኸው ነው፤ ሰብሮ የገባ ሳይኖር ነው ያ ሁሉ ብር የሄደው።

መማሪያ ለሚፈልግ፣ የበርፕ ሠሪ የፖርትስዊገር አካዳሚ ነጻ ነው፤ ጽሑፉን የሚስተካከል አላየሁም። መለማመጃው ግን ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። ጁስ ሾፕ አንዴ ከወረደ በገዛ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ትምህርቴን ያቆየልኝ እሱ ነው፤ ሪኩዌስቶቹን ደብተር ላይ እየገለበጥኩ እማር ነበር። በራስ ላፕቶፕ መሆኑ ከሕግም ያድናል። ያለ ፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው፤ ስካነሩን በወረዳው ድረ ገጽ ላይ ልሞክረው ለሚል ልጅ ይህን አጥብቄ እነግረዋለሁ።

ድሮ ቢሮ ሄጄ «ሲስተም የለም» ስባል እንደ ዝናብ መቅረት ተቀብዬ እመለስ ነበር። አሁን ከዚያ ስክሪን ጀርባ ሰው የጻፈው መስመር እንዳለ፣ ሰውም ሊያርመው እንደሚችል አውቃለሁ። ሙያው ከደሞዝ በላይ የሰጠኝ ይህን ነው።

በቅርቡ አንዲት ተማሪ የጁስ ሾፕን ሪኩዌስት ስታነብ ቆይታ «የዕቃውን ብዛት ከዜሮ በታች ባደርገውስ?» አለችኝ። ሞክሪው አልኳት። ሒሳቡ ተገልብጦ ሱቁ የገዢዋ ባለዕዳ ሆነ። ስካነር የሚባል ነገር እስካሁን አላወረደችም።