በጨለማ ዱር፣ በአንድ ጎማ

ከመሸ በኋላ በዱር መካከል ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት የሚነዳውን «የሰርከስ ቀልደኛ ነው» የሚል ሰው ፔዳሏን አላስተዋለም። ፔዳሏ ከጎማዋ ጋር የተያያዘ ነውና እግር ሲቆም ጎማውም ይቆማል፤ ቁልቁለቱንም እያንዳንዷን ስንዝር በጭን እየገቱ ይወርዱታል። የካናዳው ክሪስ ሆልም ተራራ በዚህች እንደሚወረድ ካሳየ ወዲህ ማላገጡ ካለማወቅ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ እኔ የምነቅፈው ሌላ ነው። እጀታ ስለሌላት መብራቱ ብዙ ጊዜ በራስ ቁር ላይ ይታሰራል፤ ከዓይን አጠገብ የሚወጣ ብርሃን ደግሞ የሥሩንና የድንጋዩን ጥላ ስለሚሰውር ጉብታው ሜዳ ይመስላል። ይህን እያወቀ፣ ጓደኞቹ እንዲያደንቁት ብሎ ቀን ባላየው መንገድ ሌሊት የሚፈጥነውን ጎበዝ አልለውም። እኔ ብሆን የምከተለው መንገዱን ቀን በእግሩ ተመላልሶ ያጠናውን፣ ወደ ኋላ ለቀረውም ቆሞ የሚያበራውን ነው፤ በዕድሜዬ ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጬ ብጠብቃቸው ይሻላል።