ክርክር የሌለበት የአመክንዮ ክፍል፦ የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሂሳዊ ዳሰሳ

በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ወደ ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሲገቡ የመጣው አዲስ ነገር አልነበረም፤ ተነጥቆ የቆየ ነገር ነው የተመለሰው። በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ሆነ በ1954 ዓ.ም. የተመሠረተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪያቸውን ወደ ሙያው ከማስገባታቸው በፊት ሰፋ ያለ ዕውቀት ያስጨብጡት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው አንድ ዓመት ሙሉ ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። ተማሪዎችን ወደ ገጠር የላከውን የደርግ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከኮርስ ካልቆጠርነው በቀር፣ አገሩን ለተማሪ በማስተዋወቅ ያንን የሚስተካከል ኮርስ ከዚያ ወዲህ የተቀረጸ አይመስለኝም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሰፋ ያለ ዕውቀት የሚሰጥበትን የአንደኛውን ዓመት ወደ መሰናዶ ትምህርት ቤት አወረደው። የፍሬሽማኑን ሥራ 11ኛና 12ኛ ክፍል ይሠሩታል ተባለና በብዙ መስኮች የአራት ዓመቱ ዲግሪ ሦስት ዓመት ሆነ። ወረቀት ላይ ስሌቱ ልክ ነው። መሰናዶ ግን ለብሔራዊ ፈተና የሚሮጥበት ቦታ ነው፤ ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር እዚያ ማን ያነባል? ሰባ በመቶውን ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚልከው፣ ሰባ ሠላሳ የምንለው ምደባ ሲጨመርበት ደግሞ፣ አብዛኛው ተማሪ ከታሪክም ከፍልስፍናም ጋር ሳይተዋወቅ የሚመረቅበት ዘመን መጣ። የትምህርት ፍኖተ ካርታው የአንደኛውን ዓመት የመለሰው ይህን ጉድለት አይቶ ነው፤ ትክክልም ነበር።

ዝርዝሩ ያጓጓል። አመክንዮና ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ አጠቃላይ ሥነ ልቦና፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ የዚያው አካባቢ ታሪክ፣ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ፣ የሥነ ምግባርና የዜግነት ትምህርት፣ አካቶ ትምህርት፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሁለት የእንግሊዝኛ ኮርሶች። የታሪኩ ሞጁል ገና በረቂቅነቱ ብዙ አከራክሯል፤ ያ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ አልገባበትም። የኔ ሙግት ኮርሶቹ የተመለሱበት ቤት ለኮርሶቹ የሚሆን አይደለም የሚል ነው። ለዚህም የአመክንዮውን ኮርስ አብነት አደርጋለሁ።

ሞጁሉ ከፍልስፍና ምንነት ይነሣና ስለ መነሻ ሐሳብና ስለ መደምደሚያ፣ ስለ ቋንቋና ስለ ብያኔ ካስረዳ በኋላ ወደ ተፋልሶዎች፣ ማለትም ወደ ተሳሳቱ የሙግት ዓይነቶች ይደርሳል። አከፋፈሉ በአመዛኙ የአሜሪካዊውን የፓትሪክ ኸርሊን መማሪያ መጽሐፍ ይከተላል፤ መጽሐፉ ጥሩ ነው። ተማሪው እጅ የሚገባው ግን የስም ዝርዝር ነው፦ አድ ሆሚነም፣ አድ ባኩለም፣ ስትሮው ማን፣ ሬድ ሄሪንግ። ፈተናው ሁለት መስመር ጽፎ የትኛው ተፋልሶ እንደሆነ ይጠይቅና አራት አማራጭ ይደረድራል። «እገሌ ግብር በወቅቱ ይከፈል ያለው ተቀባይነት የለውም፤ ራሱ መቼ ከፍሎ ያውቃል» የሚል ቢመጣ ተማሪው ቱ ኩዎክዌ («አንተስ?» ማለት ነው) የሚለውን ያከብባል፤ ነጥቡንም ያገኛል። ማታ ዶርም ውስጥ የፖለቲካ ወሬ ሲነሣ ግን ያው ልጅ «እናንተስ ያኔ እንዲህ አላደረጋችሁም?» ብሎ ጓደኛውን አፍ ያስይዛል። ቀን ያከበበው ተፋልሶ እንደሆነ ልብ አይልም፤ የተማረው በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እንጂ በገዛ ቋንቋው በሽሙጥና በተረት ተጠቅልሎ ሲመጣ እንዲያውቀው አይደለም።

የሚያስቆጨው፣ ይህ ማኅበረሰብ ከክርክር ጋር የቆየ ትውውቅ ያለው መሆኑ ነው። በላ ልበልሃ በሚባለው የሙግት ሥርዓት ባላጋራዎች ኩታቸውን አቋጥረው ዳኛ ፊት ይቆሙ፣ መንገደኛም ቢሆን አስቁመው ያስፈርዱ፣ ማርና ፈረስ እየተወራረዱ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይመልስ ነበር። ይህን የማነሣው ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ሥርዓቱ ማስረጃ ያለውን ትቶ አንደበቱ የሰላውን የሚያስረታበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም፤ ቤት የሚመታ ንግግር የምስክርን ቦታ ይወስድ ነበር። ለአመክንዮ መምህር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የት ይገኛል? አንድ ሙግት ወስዶ መነሻው የቱ ነው፣ መደምደሚያውስ ከመነሻው ይወጣል ወይ፣ ዳኛውን የማረከው ነገሩ ነው ወይስ ዜማው ብሎ ማስበተን ነው።

ሌላም አለ። ክላውድ ሰምነር አዲስ አበባ ላይ ፍልስፍና እያስተማሩ ባዘጋጁት ባለ አምስት ቅጹ የኢትዮጵያ ፍልስፍና ውስጥ ሰፊ ቦታ የያዘው የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ፣ የማን ድርሰት እንደሆነ እስካሁን ያከራክራል። ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ደራሲው በ19ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያ የነበረው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ጻፈ፤ ሰምነር ደግሞ የ17ኛው መቶ ዘመን አክሱማዊ ነው ብለው ተሟገቱ። የሁለቱን ወገን ማስረጃ አቅርቦ ተማሪን ለሁለት ከፍሎ ማከራከር የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። አመክንዮን፣ ታሪክንና የቋንቋ ጥናትን በአንድ ጊዜ ያስተምራል።

ይህ ለምን አይሆንም? መምህራንን መውቀስ ቀላል ነው፤ አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ይዞ የቃል ክርክር ማረም ግን ከሰው አቅም በላይ ነው። ዋናው ችግር ከመምህሩ በላይ ያለው አሠራር ነው። የአንደኛ ዓመት ውጤት የዲፓርትመንት ምደባን ይወስናል። ሕክምና ወይም ሕግ የሚመኝ ልጅ አንትሮፖሎጂን የሚያየው ጂፒኤውን ሊያነሣለት ወይም ሊጥልበት እንደሚችል ነገር ነው፤ ስለዚህ የሲኒየር ዎርክሺትና የቴሌግራም ጥያቄ ይሰበስባል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና የሚለካው የትምህርት ክፍሉን ኮርሶች ነው። ምደባው ካለፈ በኋላ የጋራ ኮርስ ለማንም ምንም አይደለም።

የአንትሮፖሎጂው ኮርስ ዕጣ እንዲያውም ይብሳል። ሞጁሉ በሥራቸው ስለተገለሉ ወገኖች፣ ስለ ሸክላ ሠሪውና ስለ ቆዳ ፋቂው ያነሣል፤ ስለ ባህላዊ ዳኝነትም እንዲሁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ውስጥ ከጎንደር፣ ከወላይታ፣ ከጅማና ከሐረርጌ የመጡ ልጆች ተደራርበው ይተኛሉ። በየሰፈራቸው ሸክላ ሠሪ ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ከእነማን ጋር እንደማይጋባ አንዱ ሌላውን ጠይቆ ሁለት ገጽ ቢጽፍ ከየትኛውም ሞጁል የማይገኝ ዕውቀት ነበር። በምትኩ የሚሰጠውን ግሩፕ አሳይመንት አንዱ ይጽፈዋል፣ የቀሩት ስማቸውን ያስገባሉ።

ቋንቋውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የእንግሊዝኛ ኮርሶቹ ይኑሩ፤ ማስተማሪያ ቋንቋው እስከሆነ ድረስ ግድ ነው። ነገር ግን ከጋራ ኮርሶቹ መካከል በአማርኛም ሆነ በሌላ ኢትዮጵያዊ ቋንቋ አስቦ መጻፍን የሚያስተምር አንድም የለም። ተመራቂው ነገ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው፣ በፍርድ ቤት አቤቱታ የሚያቀርበው በእነዚህ ቋንቋዎች ነው።

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲ ሴኔቶችና ለትምህርት ሚኒስቴር ሁለት ነገር አቀርባለሁ። የጋራ ኮርሶች ውጤት ከዲፓርትመንት ምደባ ይውጣ፤ ማለፍና መውደቅ ብቻ ይመዝገብበት፤ ምደባው በመግቢያ ፈተና ወይም የትምህርት ክፍሉ ራሱ በሚያወጣው መለኪያ ይካሄድ። የአመክንዮ ኮርስ ምዘና ግማሹ ደግሞ ተማሪው በመረጠው ቋንቋ፣ በትንንሽ ቡድን በሚደረግ የቃል ክርክር ይሁን፤ ለዚህም የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በረዳትነት ይመደቡ። ሁለተኛው ገንዘብ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ግን ከአንድ የሴኔት ስብሰባና ከአንድ ሰርኩላር ያለፈ ወጪ የለውም፤ ለመጪው ዓመት ገቢዎች ሊደርስ ይችላል።