ምንጩና ዐዋጁ

የመንግሥት ዐዋጅ ዘወትር የሚነበበው ለሕጉ እንጂ ለአጻጻፉ አይደለም። እኛ ግን ፕሬዚዳንት ዋረን ሃርዲንግ በሜይ 31 ቀን 1923 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ፓይፕ ስፕሪንግን ብሔራዊ መታሰቢያ ያደረጉበትን ዐዋጅ እንደ አንድ የታሪክ ድርሰት ልንመረምረው ወደድን።

ስፍራው በሰሜን አሪዞና በረሃ የሚገኝ ምንጭ ነው፤ የሞርሞን ሃይማኖት ተከታዮች የመንገደኛ ማረፊያና የከብት እርባታ አድርገውት ነበር። የዐዋጁ አጀማመር ያማረ ነው። ከሐሪኬን እስከ ፍሬዶንያ ባለው የ62 ማይል መንገድ ሌላ ውሃ እንደሌለ በአጭር ቃል ይነግረናል፤ ሰውም ከብትም ወደዚያ ያዘነበለበት ምክንያት ወዲያው ይገባናል። ከዚያም በ1863 የተጀመረውን ሰፈራ፣ የተኩስ ቀዳዳ ያለውን የዊንሰርን ግንብና የቴሌግራፉን ጣቢያ ያነሣል።

ጉድለቱም ከዚሁ ይጀምራል። ታሪኩን በ1863 ሲከፍት፣ አስቀድሞ በዚያ ውሃ ይኖር የነበረውን የካይባብ ፓዩት ሕዝብ ከደጅ ያስቀረዋል፤ ነባር ተወላጆቹ የሚታዩት ግንቡን ያሠራ ጠላት ሆነው ነው። እርግጥ ነው፤ በ1866 ባለ ከብቱ ጄምስ ዊትሞር ከሌላ ሰው ጋር ተገድሏል። ነገር ግን ዘራፊዎቹ ናቫሆዎች ሳሉ የሞርሞን ጭፍራ የገደለው ፓዩቶችን እንደ ሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ብሪገም ያንግ ምሽጉ እንዲሠራ በወሰነበት በ1870 ደግሞ ከናቫሆዎች ጋር ሰላም ተደረገ፤ ግንቡም አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቃም።

ታዲያ ግንቡ ምን ነበር? በእውነቱ የወተት ቤት ነበር! በምንጩ ላይ ስለ ተሠራ ቀዝቃዛው ውሃ በውስጡ ያልፋል፤ ከዓሥራት ላሞች የተገኘው ቅቤና አይብ የሴንት ጆርጅን ቤተ መቅደስ ለሚሠሩት ይጫን ነበር። ቤተ መቅደሱ በ1877 ካለቀ በኋላም ለጋብቻ ወደዚያ የሚጓዙ ሙሽሮች በዚህ ያርፉ ነበር። እኛ ከተኩስ ቀዳዳው ይልቅ ይህን ብናነብ በወደድን። ነገር ግን ስለ ላሞቹ የሚጽፍ ሰው ስለ ሣሩም መጻፍ ግድ ይሆንበታል፤ መንጋው የጨረሰው ሣር ፓዩቶች ዘሩን ለቅመው የሚመገቡት ነበርና።

ዐዋጁ ፓዩቶችን በሰላም የሚያስታውሳቸው በመጨረሻው ሐረግ ነው፤ ከምንጩ ለመስኖና ለከብት እንዲጠቀሙ ይፈቅዳል። የተመረጠው ቃል ግን የባለቤትን መብት ሳይሆን የተሰጠ ችሮታን የሚያሳይ ነው። ይህም የሆነው ዙሪያው ምድር ከ1907 ጀምሮ ለእነርሱ ተከልሎ ሳለ ነው። በ1933 ውሃው ከሦስት ሲከፈል አንዱ እጅ ለመታሰቢያው፣ አንዱ ለከብት አርቢዎች፣ አንዱ ለፓዩቶች ሆነ።