ተራ ስለ መጠበቅ፤ በአሲንክሮነስ ፕሮግራም መቆለፊያዎች ላይ የቀረበ ትችት

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ለአንዳንድ የትምህርት ጓደኞቻችን ጥቃቅን መስሎ ይታይ ይሆናል፤ እኛ ግን ካጋጠመን ስሕተት የተነሣ እንደ ጥቃቅን ልናየው አልቻልንም። ባለፈው የትምህርት መንፈቅ ለቤተ ሙከራ 30 ወንበሮች ተማሪዎችን የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ ጽፈን ነበር። ብቻችንን ስንሞክረው ምንም እንከን አልተገኘበትም። በምዝገባው ቀን ግን ቈጣሪው 30 እያለ በመዝገቡ ላይ 31 ስሞች ተገኙ። አንዲት ተማሪ ፕሮግራሙ «ተመዝግበሻል» ብሎ ከመሰከረላት በኋላ ወንበር አጥታ ተመለሰች። ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን የእኛ ነበር።

ሥራውን ስንጀምር «አሲንክሮነስ ፕሮግራም የሚሠራው በአንድ ትሬድ ስለ ሆነ መቆለፊያ አያስፈልገውም» የሚለውን የተለመደ አስተያየት ተቀብለን ነበር። ይህ አስተያየት ግማሹ እውነት ነው። ኢቬንት ሉፕ የተባለው ተራ አስከባሪ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ያስኬዳል፤ ያም ሥራ «አዌይት» ከሚለው ቃል ደርሶ ካልቆመ በቀር ሌላው ሥራ ጣልቃ ሊገባበት አይችልም። ሐሰት የሆነው ግማሽ ግን «አዌይት» ከተባለ በኋላ ያለው ነው። የእኛ ፕሮግራም ቈጣሪውን አንብቦ 29 መሆኑን ያያል፤ ስሙን ወደ መዝገብ ቤት ልኮ መልስ ይጠብቃል፤ መልሱ ሲመጣ ቈጣሪውን 30 ያደርጋል። የመጀመሪያው ሥራ መልስ ሲጠብቅ ሁለተኛው ገብቶ ያንኑ 29 አነበበ። ሁለቱም ስም ጻፉ፤ ሁለቱም ቈጣሪውን 30 አደረጉ።

ችግሩ ከእኛ ጋር የተወለደ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የኔዘርላንዱ ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1965 ጽሑፉ ሴማፎር የተባለውን መሣሪያ አብራርቶ አቅርቦ ነበር፤ ስሙም ከባቡር ሐዲድ ምልክት የመጣ ነው። ቶኒ ሆር ደግሞ በ1974 ሞኒተር ስለ ተባለው አሠራር ጻፈ። በ2014 ከፓይተን 3.4 ጋር የወጣው አሲንክ አይኦ የተባለው ቤተ መጻሕፍት የያዛቸው ሎክ፥ ኢቬንት፥ ኮንዲሽንና ሴማፎር የእነዚህ የቀድሞ ሐሳቦች ልጆች ናቸው። ትችታችንም የሚያርፈው በእነርሱ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ሊመሰገን የሚገባውን እናመስግን። ሎክ ተራ ያከብራል፤ አስቀድሞ መጠበቅ የጀመረው አስቀድሞ ይገባል። በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን የመጻሕፍት ቁም ሣጥን አንድ ቁልፍ ብቻ ስለ ነበረው፥ ጉልበተኛው ሳይሆን ቀድሞ የመጣው ይረከበው ነበር። ሎክም እንደዚሁ ነው።

ነገር ግን ከዕለታት አንድ ቀን ቁልፉን የያዘው ልጅ ታሞ በኪሱ እንደ ያዘው ወደ ቤቱ ሄደ፤ እኛም ለሳምንት ያህል መጽሐፍ አላየንም። በአሲንክ አይኦም ይኸው ይደርሳል። አንድ ሥራ ጊዜው አልፎበት ሲሰረዝ፥ የመሰረዙ ትእዛዝ የሚደርሰው «አዌይት» ብሎ በቆመበት ስፍራ ነው። መልቀቂያው በ«ፋይናሊ» ካልተጠበቀ ቁልፉ ተይዞ ይቀራል፤ ሌሎቹም ለዘላለም ይጠብቃሉ። ስለዚህ «አሲንክ ዊዝ» የተባለውን አጻጻፍ ትቶ ቁልፉን በእጅ መያዝና በእጅ መልቀቅ፥ እንደ እኛ አስተያየት፥ ከልማድ መወገድ አለበት። በዚህም ላይ ሎክ ባለቤቱን አያውቅም፤ ያልያዘው ሥራ ሊለቀው ይችላል። የያዘውም ራሱ ደግሞ ልያዝ ቢል ራሱን ሲጠብቅ ይኖራል።

ስለ ሴማፎር ያለን ነቀፌታ ከዚህ ይጠነክራል። ሴማፎር የሚያገለግለው በአንድ ጊዜ ከተወሰነ ቍጥር በላይ ሥራ እንዳይገባ ለመከልከል ነው። ሆኖም ተራው ሴማፎር ከተያዘው በላይ ቢለቀቅ ዝም ይላል፤ 5 ተብሎ የተወሰነው ሳናውቀው 6 ይሆናል። ይህን የሚቃወመው ባውንድድ ሴማፎር የተባለው ሁለተኛው ዓይነት ብቻ ነው። አጭሩ ስም ለጥንቁቁ ተሰጥቶ ረጅሙ ለግዴለሹ ቢሆን ኖሮ ለጀማሪ በተሻለ ነበር።

ኮንዲሽንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሆር ሐሳብ የተቀሰቀሰው ሥራ ወዲያው ስለሚገባ የጠበቀው ነገር እንደ ተሟላ ያገኘዋል። ላምፕሰንና ሬደል በ1980 ስለ ሜሳ ቋንቋ በጻፉት መሠረት ግን መቀስቀስ ተስፋ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ እስኪገባ ድረስ ሌላው ሊቀድመው ይችላል። አሲንክ አይኦ የተከተለው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ስለ ሆነ የነቃው ሥራ ነገሩን ደግሞ ማየት አለበት። በ«ኢፍ» ፈንታ «ዋይል» የሚጻፈው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ለእኛ ለ30 ወንበሮች የሚሻለው የትኛው ነው? ያለ ሎክ የሚሠራ መንገድ አለ፤ ይኸውም ስሙን ከመላክ በፊት ቈጣሪውን ከፍ ማድረግ፥ መዝገቡ እንቢ ቢል ደግሞ መመለስ ነው። በማየትና በመያዝ መካከል «አዌይት» ስለሌለ ማንም ጣልቃ አይገባም። ይህ መንገድ ፈጣንና ንጹሕ ነው። ጉድለቱ ግን ጥበቃው በዐይን አለመታየቱ ነው፤ ነገ ሌላ ተማሪ መጥቶ በመካከሉ አንድ «አዌይት» ቢጨምር ምንም ሳይሰማ ይፈርሳል። ሎክ በአንጻሩ ያዘገያል፤ አንዱ ከመዝገብ ቤት መልስ ሲጠብቅ ሁሉም ይቆማሉና። ነገር ግን «ይህ ስፍራ የአንድ ሰው ነው» ብሎ በግልጽ ይናገራል። ፕሮግራሙ በብዙ እጅ የሚያልፍ ከሆነ፥ በእኛ በኩል ከፍጥነቱ ይልቅ ግልጽነቱን እንመርጣለን።

ሆኖም በሎክ ብቻ የሚተማመን ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ፕሮግራሙ በ4 ፕሮሴሶች ተከፍሎ ቢሠራ ለእያንዳንዱ የራሱ ሎክ ይኖረዋል፤ አራት በር ባለው ቤት አንዱን በር እንደ መዝጋት ይሆናል። ስለዚህ የመጨረሻው ጠባቂ መዝገቡ ራሱ መሆን አለበት፤ ለእያንዳንዱ ወንበር ቍጥር ሰጥቶ አንዱን ቍጥር ለሁለት ሰው አልጽፍም ማለት አለበት። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

የትችታችን ማጠቃለያ ይህ ነው። መሣሪያዎቹ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን የትሬዶችን መሣሪያዎች አምሳል ይዘው ስለ ተሠሩ፥ ስማቸውን ያወቀ ጠባያቸውንም ያወቀ ይመስለዋል። በክፍላችን አሲንክሮነስ ፕሮግራም ሲሰጥ የሚቀድመው ትምህርት ፍጥነቱ ነው። እኛ ግን ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ በእያንዳንዱ «አዌይት» ላይ ቆሞ «ስመለስ ዓለም እንደ ተውኋት ትቆየኛለችን?» ብሎ መጠየቅን እንዲማር እናሳስባለን። ይህን ጥያቄ በጊዜው ጠይቀን ቢሆን ኖሮ፥ ያች ተማሪ ከበር ባልተመለሰች ነበር።