«በነፃ» እና «ነፃ»

ጎንደር ፒያሳ ካሉት የኮምፒዩተር መሸጫዎች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ አዲስ ላፕቶፕ የሚጠይቅ ሰው፣ አንዳንዴ ካርቶኑ ላይ «ፍሪዶስ» የሚል ጽሑፍ ያያል። ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው፦ «ባዶ ነው ማለት ነው፤ አታስብ ወንድሜ፣ ዊንዶውስ እዚሁ እንጭንልሃለን።» ሻጩ ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም፤ የሰማውን ነው የሚናገረው። ገዢውም እፎይ ብሎ ይከፍላል። በዚህች አጭር ምልልስ ውስጥ ግን ስለ ኮምፒዩተር ያለን አስተሳሰብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሰዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ ለፍተው የሠሩትን፣ ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያስተካክለው የፈቀዱትን ሥራ «ባዶ» እንለዋለን። ባለቤቱ ሳይፈቅድ የተገለበጠውን ደግሞ «ሙሉ» እንለዋለን።

ለመሆኑ ዶስ ምንድን ነው? በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮምፒዩተር ማሠልጠኛ የገባ ሰው አይረሳውም። ጥቁር ስክሪን፣ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ሰረዝ፣ በቃል የሚጠኑ ትእዛዞች። መዳፊት የለ፣ ሥዕል የለ፤ ትእዛዙን በፊደል ጽፎ «ኢንተር» መጫን ብቻ። ሰርተፊኬቱም ላይ ከዊንዶውስና ከወርድ አስቀድሞ የሚጻፈው የዶስ ስም ነበር። ትእዛዞቹን እንደ ዳዊት ሸመደድናቸው። ከጀርባቸው ያለውን ነገር ማን እንደጻፈው፣ እንዴትስ እንደሚጻፍ የነገረን ግን አልነበረም።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ የተለየ ምልክት ካላደረግሁባቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማይክሮሶፍት ኤምኤስ ዶስን ለአይቢኤም ኮምፒዩተር ያቀረበው በ1981 ሲሆን፣ መነሻውን ከሌላ የሲያትል ኩባንያ የገዛው ነው። በ1994 ማይክሮሶፍት ፊቱን ጠቅልሎ ወደ ዊንዶውስ ማዞሩ ሲታወቅ፣ ጂም ሆል የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ተማሪ ዶስን የሚተካ ነፃ ሲስተም አብረን እንሥራ የሚል ጥሪ ጁን 29 ቀን አሰማ። ፈቃደኞች ተሰባሰቡ፤ ፓት ቪላኒ የተባለ ፕሮግራመር የጻፈውን ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ አበረከተ። የመጀመሪያው ሙሉ እትም የወጣው ከ12 ዓመት በኋላ በ2006 ነው። ሥራው አልቆመም፤ 1.4 የተባለው እትም የወጣው በ2025 ነው። «ሞቷል» የተባለ ሲስተም ማለት ይኸው ነው።

ለምን አልሞተም? የኔ ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድን ሲስተም በሕይወት የሚያቆየው የተጠቃሚው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ኮምፓይለሩ በማን እጅ ነው የሚለውም ጭምር ነው። ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚገባው የቁጥር ቋንቋ የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራመሩ በሲ ወይም በፓስካል ይጽፋል፤ ማሽኑ ግን ሲም ፓስካልም አያውቅም። በመካከል አስተርጓሚ ያስፈልጋል። አስተርጓሚው ከሌለ የተጻፈው ሁሉ ወረቀት ላይ እንደ ቀረ ሐሳብ ነው።

የፍሪዶስ ሰዎችን ገና ከጅምሩ የገጠማቸው ችግርም ይኸው ነበር። ከርነሉ በነፃ ተሰጠ፤ የሚገነባበት ኮምፓይለር ግን የቦርላንድ ኩባንያ ንብረት ነበር። ቤቱ የራስ፣ ቁልፉ የሰው እንደማለት ነው። ዲጄ ዴሎሪ የተባለ ሰው ከ1989 ጀምሮ የሪቻርድ ስቶልማንን ነፃ ኮምፓይለር፣ ጂሲሲን፣ ወደ ዶስ አምጥቶ ዲጄጂፒፒ አሰኝቶት ነበር። ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ፤ በ1996 ስሙ የገነነው «ኩዌክ» የተሰኘው ጨዋታ የዶስ ቅጂው የተሠራው በዚሁ ነው። ሆኖም ዲጄጂፒፒ ለ32 ቢት ማሽን የተዘጋጀ ስለነበር የ16 ቢቱን ከርነል መገንባት አልቻለም። በሌላ በኩል በጀርመን ፍሎሪያን ክሌምፕፍል በ1993 የጀመረው ፍሪ ፓስካል አደገ። በ2003 ደግሞ የዋትኮም ኮምፓይለር ሶርስ ኮድ ተከፍቶ ኦፕን ዋትኮም ሆነ፤ ከርነሉም በሱ ይገነባ ጀመር። የኦፕን ዋትኮምን ፈቃድ የስቶልማን ወገኖች «ነፃ» ብለው አልተቀበሉትም፤ ስለዚህ ሌሎች ደግሞ ጂሲሲን ራሱን ለ16 ቢት ማበጀት ያዙ። ለአንድ ያረጀ ሲስተም ይህን ያህል መጨነቅ ለምን? ኮምፓይለሩ በሰው እጅ ከሆነ ነፃነቱ የተውሶ መሆኑን ስላወቁ ነው።

ለጎንደር ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ የውጭ አገር ባለ እጆችን ሰብስበው ያሠሩት ለምን ነበር? መድፍ ብቻ ፈልገው አልነበረም፤ መድፍ የሚሠራበትን ቤት ፈልገው ነው። ከ1868 የመቅደላ ውድቀት በኋላ ባለ እጆቹ ሄዱ፣ ጋፋትም በዚያው ቀረ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። መድፉ ቀረልን፤ መሥሪያው ግን አልቀረልንም። ኮምፓይለር ጋፋት ነው፤ የሚጫነው ፕሮግራም ደግሞ መድፉ ነው። እኛ ዛሬም መድፉን ሲያሳዩን እንደሰታለን።

ወደ ራሳችን የዶስ ታሪክ እንምጣ። በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩት ዶክተር አበራ ሞላና ፍሥሐ አጥላው በየፊናቸው ፊደላችንን በዶስ ኮምፒዩተር ላይ ማስጻፍ ችለዋል። ማን ቀደመ የሚለውን ክርክር ለባለ ጉዳዮቹ እንተወው። ሥራው ከባድ ነበር። አንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ አለው፤ ግማሹን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ይዘውታል። የእኛ ገበታ 33 በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሠሪ ፊደሉን በራሱ ዘዴ ከፋፍሎ፣ በራሱ ቁጥር ደለደለው። አንዱ «ሀ»ን ባስቀመጠበት ቦታ ሌላው ሌላ ፊደል አስቀመጠ። ፍሥሐ አጥላውንና ዳንኤል ያዕቆብን የመሰሉ ሰዎች ደክመውበት በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ላይ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች ቋሚ ዓለም አቀፍ ቁጥር እስኪያገኙ ድረስ፣ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት የጅብ ቋንቋ ይሆን ነበር።

ከዚያ በፊት የተተየበውስ? ስንት ደብዳቤ፣ ስንት ቃለ ጉባኤ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ በፍሎፒ ተቀምጦ ቀርቷል! ፍሎፒው ቢነበብ እንኳ ፊደሉን የሚያውቀው ያ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። የፕሮግራሙ ሶርስ ኮድ ከሠሪው መሳቢያ ካልወጣ፣ ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ መልሶ ሊገነባው አይችልም። ብራና ላይ የተጻፈ የጎንደር ዘመን መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል፤ ፊደሉን የሚያውቅ ዓይን ይበቃዋል። የሃያና የሠላሳ ዓመት ፋይላችን ግን አይነበብም። ይኼ አያሳፍርም?

በየመሥሪያ ቤቱ በዲቤዝ፣ በክሊፐርና በፎክስፕሮ የተሠሩት የደመወዝና የንብረት ፕሮግራሞችም ዕጣቸው ያው ነው። ሠሪው ልጅ ሥራ ለቀቀ፤ ከሱ ጋር ሶርስ ኮዱም ሄደ። የቀረው የሚታዘዝ እንጂ የማይታረም ፕሮግራም ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ መፍትሔው መኖሩ ነው። ለክሊፐር ቋንቋ ሃርበር የሚባል ነፃ ኮምፓይለር ከ1999 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቷል፤ የጥንቱን የዶስ ፕሮግራም ሶርስ ኮድ ተቀብሎ ለዊንዶውስም ለሊኑክስም መገንባት ይችላል። ሶርስ ኮዱ ካለ ማለት ነው። ከሌለ ሃርበርም ምን ያድርግ?

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር ላንሳ። እንግሊዞች ለ«ያለ ዋጋ»ም ለ«ነፃነት»ም አንድ ቃል ስላላቸው ሲከራከሩ ይኖራሉ። አማርኛ ለዚህ አንዲት «በ» አላት፦ «በነፃ» ሌላ፣ «ነፃ» ሌላ። በነፃ ያገኘኸው ሁሉ ነፃ አያደርግህም። የዶስ ዘመን የጤና ተመራማሪ ኤፒ ኢንፎን ያስታውሳል። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ሠርቶ ያለ ክፍያ ያሠራጨው ፕሮግራም ነው፤ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ከተጀመረው የጎንደር ተቋም የወጡ ጥናቶችም መረጃቸው በዚሁ ተተንትኗል። ትልቅ ውለታ ነው፤ ምስጋና ይገባዋል። ግን ፕሮግራሙ በ2000 ወደ ዊንዶውስ ሲዛወር የወሰነው ማን ነው? እኛ አይደለንም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ በ1996 የተጀመረ የነዋሪዎች የጤናና የሥነ ሕዝብ ምዝገባ አለው። እንዲህ ያለ መዝገብ ዋጋው በዕድሜው ነው፤ አምስት የፕሮግራም ትውልድ አልፎ መነበብ አለበት። ልደትና ሞት የተመዘገበበት ፋይል በሰው ውሳኔ የሚዘጋና የሚከፈት ከሆነ፣ በነፃ ማግኘታችን ምን ይጠቅመናል? የሰው ወርቅ አያደምቅ አይደል የሚባለው።

ከ«በነፃ»ም የባሰው ግን የተሰረቀው ነው። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ ማንኛውም ሥራ ይጠብቃል። ሕጉ አለ፤ ክራኩም አለ፤ ሁለቱ ተከባብረው ይኖራሉ። ጉዳቱ ለማይክሮሶፍት ብቻ አይምሰለን። ውዱ ዕቃ በሃምሳና በመቶ ብር ሲጫን፣ ነፃውን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ሲ ፕላስ ፕላስን በተገለበጠ የቦርላንድ ኮምፓይለር የለመዱ፣ ጂሲሲን ግን ከፍተው ያላዩ ምሩቃን አውቃለሁ። ስርቆቱ ስንፍናን ርካሽ አደረገልን።

«እሺ፣ ግን ዶስ ምን የወደፊት ዕድል አለው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዶስ አንድ ተጠቃሚ፣ አንድ ሥራ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ሲስተም ነው። የማስታወሻ ወሰኑ 640 ኪሎባይት ተብሎ የተሠራ ነው። ጥበቃ የሚባል ነገር የለውም፤ ማንም ፕሮግራም የፈለገውን መንካት ይችላል። ከዚህም በላይ የቆመበት መሬት እየተናደ ነው። ዶስ ማሽኑን የሚያነጋግረው ባዮስ በሚባለው የድሮ ሥርዓት ሲሆን፣ ኢንቴል ለዚህ ሥርዓት የሚሰጠውን ድጋፍ በ2020 እንደሚያቆም በ2017 አስታውቋል። ስለዚህ በአዲስ ማሽን ላይ ዶስ የሚኖረው እንደ ዶስቦክስና ኪዩኢኤምዩ ባሉ አስመሳይ ፕሮግራሞች ውስጥ ነው። ባንክ በዶስ ይሥራ የሚል ካለ እኔም አብሬያችሁ እስቃለሁ።

የኔ ነገር ሌላ ነው። ዶስ ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱ ደግሞ ጸጋ ነው። የዊንዶውስን ወይም የሊኑክስን ሆድ ዕቃ አንድ ተማሪ በአራት ዓመት አንብቦ አይጨርሰውም። የፍሪዶስን ከርነል ግን ጥቂት ጎበዝ ተማሪዎች በአንድ ሴሚስተር አንብበው፣ አስተካክለው፣ በነፃ ኮምፓይለር መልሰው ገንብተው ሲነሣ ማየት ይችላሉ። ኔትወርክ አያስፈልግም። በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ትምህርቱም ሥራውም በመስመር ላይ የተንጠለጠለ ሰው ምን እንደሆነ አይተናል። ኮምፓይለሩ ፍላሹ ላይ ያለ ተማሪ ግን ማንንም ሳይለምን ይሠራል። ደባርቅና ዳባት ደጋ ላይ፣ አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም አቅቶት በጨርቅ የተሸፈነ አሮጌ ኮምፒዩተር ቢገኝ፣ ለፍሪዶስ ከበቂም በላይ ነው።

ምን ይደረግ? ሦስት ነገር እላለሁ። መሥሪያ ቤቶች ፕሮግራም ሲያሠሩ ውሉ ላይ ሶርስ ኮዱን ማስረከብና በነፃ ኮምፓይለር መገንባቱን ማሳየት ግዴታ ይሁን። የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍሎች የመመረቂያ ሥራ ሲሰጡ፣ ለመቶኛ ጊዜ የሆቴል ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ከማሠራት በዶስ ዘመን የተጻፈውን አማርኛ ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ መቀየሪያ ያሠሩ። የዚያን ዘመን የአማርኛ ፕሮግራሞች በእጃቸው ያሉ ሰዎችም ሶርስ ኮዱን ለሕዝብ ይክፈቱት። ማይክሮሶፍት እንኳ የኤምኤስ ዶስን የመጀመሪያ እትሞች በ2014 በሙዚየም በኩል አሳየ፤ በ2018 በነፃ ፈቃድ ለቀቃቸው፤ በ2024 ደግሞ 4.00ን ጨመረ። ገበያው ካለፈ በኋላ ደብቆ ማቆየት ለማንም እንጀራ አይሆንም።

እስከዚያው ግን ከየቢሮው ኃላፊዎች አንዱን አግኝታችሁ ይህን ብትጠይቁልኝ ደስ ይለኛል፦ ጌታዬ፣ የሠራተኛው ደመወዝ የሚሰላበት ፕሮግራም ሶርስ ኮዱ የት ነው ያለው? ነገ ቢበላሽስ ማን ነው መልሶ የሚገነባው?